የዘይቱና ውሃ

ስለ ውሃ ከጋሽ ኑርሑሴን ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው አልነበረም። በፖለቲካ ይሸነፋሉ፤ በእንግሊዝኛማ የጎረቤት ሕፃናት ሳይቀሩ ይስቁባቸዋል። ወሬው ውሃ ላይ ሲደርስ ግን ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ «እኔ የውሃ አባት ነኝ» ይላሉ። ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

የውሃ አባት ማለት ፉከራ አይደለም፤ ሹመት ነው። እሳቸው በተወለዱበት የወሎ ቆላ፣ የአንዱ ወንዝ ውሃ ለስልሳ አባወራ ማሳ ስለሚከፋፈል ተራውን የሚዳኝ ሰው ያስፈልጋል። ማክሰኞ ጠዋት የማን ቦይ ይከፈታል፣ ከቀትር በኋላ የማን ይዘጋል፣ የሰው ተራ የሰረቀ ምን ይቀጣል፣ ይህን ሁሉ የሚቆርጠው የውሃ አባት ነው። አገሩ ተሰብስቦ ይመርጠዋል፣ አስምሎ ይሾመዋል፤ ከዚያ ወዲያ የገዛ ወንድሙን እንኳ ከጎረቤቱ ማስበለጥ አይችልም። ጋሽ ኑርሑሴን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዳኙ። ውሃ ቀምሰው ከየትኛው ገባር እንደመጣ ይናገራሉ ይባልላቸው ነበር። ግማሹ ማጋነን ቢሆን ግማሹ እውነት ነው።

በ1977 ዓ.ም. ወንዙ ደረቀ። ጋሽ ኑርሑሴን ሌላ የሚያውቁት ሥራ ስላልነበራቸው ለሦስት ሳምንት ያህል የሌለ ውሃ ተራ ሲያወጡ ሰነበቱ። ሰዉም ተራው ሲደርስ ዶማውን ተሸክሞ ይመጣና ደረቁን ቦይ አይቶ ይመለሳል። በአራተኛው ሳምንት የሚመጣም ጠፋ። ያኔ ሚስታቸውን ዘይቱናንና የስድስት ዓመት ልጃቸውን ሳዲያን ይዘው ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

በመጠለያ ጣቢያው ውሃ የሚጠራቀመው በትልቅ የጎማ ከረጢት ሲሆን ክሎር በብዛት ይጨመርበት ነበር። ክሎሩ ሰው እንዳይሞት ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ተቅማጡ ጣቢያውን ሲመታ ግን ሳዲያ «ይሸታል፣ አልጠጣም» አለች። ዘይቱና ማጅራቷን ይዛ በግድ አጠጣቻት። አስመለሳት፤ ደግማ አጠጣቻት። በሦስተኛው ቀን ልጅቱ በእናቷ ጭን ላይ ሞተች። ለቀብር ስትታጠብም የታጠበችው ከዚያው ከረጢት በተቀዳ ውሃ ነው። ባልና ሚስቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገሩም፤ ለሌላ ሰውም አልነገሩም። ጉዳቱ ሁሉ የመጣው ከዚህ ዝምታ ነው፤ ቢናገሩ ኖሮ ይህ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር።

በፈረንጆቹ በ1986 ሲያትል ገቡ። ከከተማው በስተደቡብ፣ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ በሚመላለስበት ሸለቆ ውስጥ፣ ከኮረብታ ሥር በተሠራ ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት አፓርታማ ምድር ቤቱን ተከራዩ። ጋሽ ኑርሑሴን መሐል ከተማ ካለ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው ቀኑን ሙሉ አንሶላ ማጠብ ነው። «ድሮ ውሃ እዳኝ ነበር፤ አሁን ውሃ እያሽከረከረ ይዳኘኛል» ብለው ይቀልዱ ነበር። ያኔ ገና ይቀልዳሉ።

ዘይቱና ግን የቧንቧውን ውሃ መልመድ አልቻለችም። በከፈተችው ቁጥር በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ትይዛለች። በድስት ቀድታ መስኮት ከፍታ ታሳድረዋለች፤ ጠዋት አሽትታው ትደፋዋለች። የከተማው ሰው ውሃችን ጥሩ ነው ይላል፣ እውነቱንም ነው። ባሏም ቀምሰውታል፤ ነውር የለበትም። እሷን ግን የሚሸታት ውሃው አልነበረም፤ ጋሽ ኑርሑሴንም ይህን ያውቃሉ። እያወቁ «ምን ሆነሻል?» ብለው አልጠየቁም። ይልቁን ሌላ ውሃ ይፈልጉ ጀመር።

የ1987 በጋ ሲያትል ውስጥ ዝናብ ጠፋ። ሣሩ ቢጫ ሆነ፤ ሰዉም ግቢውን ውሃ ማጠጣት እንዲቀንስ ተነገረው። አንድ እሑድ ጋሽ ኑርሑሴን ከአፓርታማው ጀርባ፣ የኮረብታውን ግርጌ የወረሰው እሾሃማ ቁጥቋጦ አጠገብ ቆመው ሳለ ድምፅ ሰሙ። ሌላ ሰው ቢሆን ነፋስ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እሳቸው ግን የወጥ ቤት ቢላ አመጡና እሾሁን እየመነጠሩ ገቡ። እጃቸው ደም በደም ሆነ። ከእሾሁ ወዲያ፣ ከመሬት ብቅ ያለ፣ ሽበት ያወጣ የሲሚንቶ ግንብ አገኙ። ከግርጌው ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁም አውራ ጣት የሚያህል ውሃ ጥርት ብሎ፣ ቅዝቅዝ ብሎ ይወርዳል።

«የጎለበተ ምንጭ!» አሉ ጮክ ብለው።

እንግዲህ ስሕተቱ ይህች ናት፤ ከወሎ የመጣ ሰው ብቻ የሚሳሳታት ስሕተት። በእሳቸው አገር የልማት ሠራተኞች ምንጭ ሲያገኙ ከብት እንዳይገባበት፣ ጎርፍ እንዳይደርስበት ዙሪያውን በሲሚንቶ ይገነቡና ከታች ውሃ መውረጃ ያበጁለታል። የጎለበተ ምንጭ የሚባለው ይህ ነው። ሲሚንቶ ለብሶ የሚወርድ ውሃ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ የለም። ጋሽ ኑርሑሴን ታዲያ ፈረንጅ ያጎለበተውን፣ ኋላ የረሳውን ምንጭ አገኘሁ አሉ። ሰውየው ሞኝ አይደሉም፤ ባወቁት ልክ አሰቡ።

ደግሞም በችኮላ አላመኑትም። ሰባት ቀን ሙሉ መረመሩት። ኪታቡ የሚለውን ሦስቱን ነገር፣ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ጣዕሙን አዩ። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ጣዕሙ የድንጋይ ነው። በስምንተኛው ቀን በወተት ፕላስቲክ ቀድተው ለዘይቱና ወሰዱላት። አሸተተችው። ፊቷን ታጠበችበት። ከዚያ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ እንዳደረገች ቆየችና፣ «ይኸስ አይሸትም» አለች። ካገር ከወጡ ወዲህ ስትስቅ ያዩዋት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት ሁለት ፕላስቲክ ይቀዱላት ነበር። ፎቅ ላይ የሚኖረው ጳውሎስ በመስኮት ያያቸዋል። ጳውሎስ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ጴንጤ፣ አንድ የቅየሳ መሥሪያ ቤት ውስጥ ካርታ የሚሥል ጎልማሳ ነው። መዝሙሩ ጣራውን አልፎ ይሰማቸዋል፤ የእሳቸውም አዛን ወለሉን አልፎ ይሰማዋል። ስለዚህ ሁለቱ ተቻችለው ይኖራሉ።

«ጋሼ፣ አሜሪካን አገር ውሃ የሚቀዳ ሰው እርስዎን ብቻ አየሁ» ይላቸዋል።

«አንተ እኮ በቧንቧ ነው የተጠመቅከው፤ ምን ታውቃለህ?» ይሉታል።

ሁለቱም ይስቃሉ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ።

በመከር ዘይቱና ጉበቷን ታመመች። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ፤ የሚችሉት ግን ብዙ አልነበረም። ዲሴምበር ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው እጇን ሲያሹላት ዓይኗን ገለጠች።

«በዚያ ውሃ እንዳያጥቡኝ» አለች።

«እሺ።» በየትኛው ብለው አልጠየቁም።

«ማልልኝ።»

«ወላሂ። ከምንጩ በእጄ ቀድቼ አመጣልሻለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም። ልጅቷን አላነሳችም፣ አገሯን አላነሳችም፣ ሞትን አልፈራችም። ከዱንያ የፈለገችው ይህችኑ ብቻ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሞተች።

ዝናቡ የጀመረው ያንኑ ማክሰኞ ነው። ያ በጋውን ሙሉ የጠፋ ዝናብ ሦስት ቀን ሳያባራ ወረደ። ጋሽ ኑርሑሴን አምስት ጀሪካን ለምነው፣ ጳውሎስን በአሮጌ ፒክአፑ ወደ ሬሳ ማጠቢያው እንዲያደርሳቸው ጠይቀው፣ እሾሁን አልፈው ወደ ምንጩ ወረዱ። ስንጥቁ የሚያወጣው ውሃ ያ አውራ ጣት የሚያህለው አልነበረም፤ ክንድ ያህል ወፍሮ ይዘላል። ደፍርሷል። ጎንበስ ብለው ሊያሸቱት ሞከሩ፤ አፍንጫቸው በለቅሶ ተደፍኖ ነበር። በክረምት የማይደፈርስ ውሃ የት አለ? አፈር ነው አሉ። አፈር ደግሞ ንጹሕ ነው፤ ውሃ ሲጠፋ እንኳ ለሰላት በአፈር እንነጻ የለም ወይ? አልቀመሱትም። ለምን እንዳልቀመሱት በኋላ ራሳቸውን ስንቴ እንደጠየቁ አላህ ያውቃል።

የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ለሙስሊሞች ማጠቢያ የሚያውሰው የጓሮ ክፍል ነበረው። የምታጥበዋ ዙሀራ ናት። መርካቶ ተወልዳ ያደገች፣ ከአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ያልሞላት ሴት። እናቷ ጀናዛ አጣቢ ስለነበረች ሥርዓቱን ከእሷ ተምራለች፤ በዚያ ጊዜ ሲያትል ካሉት የሐበሻ ሙስሊም ሴቶች የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። አንዲት ሶማሌ ሴት ልታግዛት መጥታለች። ዙሀራ የአንዱን ጀሪካን ክዳን ከፈተችና ፊቷን መለስ አደረገች።

«ጋሼ፣ ይኼ ውሃ ደፍርሷል እኮ። ደግሞ ይሸታል።»

«የአፈር ሽታ ነው።»

«እዚህ ቧንቧ አለ፤ ሙቅም ቀዝቃዛም አለው። ሶ፣ ለምን በሱ አናጥባትም?»

«ዙሀራ!» አሉ። ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው። «ውሃ ልታስተምሪኝ ነው? እኔ የውሃ አባት ነኝ። ካልደፈረሰ አይጠራም። በዚህ እጠቧት ብያለሁ!»

ዘይቱና እንዲህ ብላ ለምናኝ ነው አላሉም። ያን ለማለት ስለ ክሎሩ መናገር ነበረባቸው፤ ስለ ክሎሩ ለመናገር ደግሞ ስለ ሳዲያ። ከሚስቱ ሬሳ አጠገብ የቆመ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ከየት ያመጣዋል? ትእዛዝ ይቀላል። ዙሀራ ዓይኗን ሰብራ «እሺ ጋሼ» አለች። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አስገባችና በሩን ዘጋችው።

በማግሥቱ ከጁምዓ በኋላ ዘይቱናን ቀበሯት። ጋሽ ኑርሑሴን ከመቃብሩ ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። ወንዛቸው ደርቋል፣ ልጃቸው ሞታለች፣ ሚስታቸውም ሄደች፤ ነገር ግን ቃላቸውን ጠብቀዋል። ያን ክረምት በሕይወት ያቆየቻቸው ይህች ብቻ ናት። አንሶላውን ሲያጣጥፉ፣ አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ብቻቸውን እራት ሲበሉ፣ «በምንጭ ውሃ ነው የሸኘኋት» ይላሉ ለራሳቸው። ይህን ሲሉ ትንፋሽ ያገኛሉ።

በጋው ሲመለስ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ለሞተ ሰው ከሚሰጥ ሰደቃ ውሃ ይበልጣል ይባላል። እሾሁን መንጥረው፣ ከሥሩ በድንጋይ ገንዳ አበጅተው፣ ኩባያ ሰቅለው፣ መንገደኛ ሁሉ እንዲጠጣው ሊያደርጉ አሰቡ፤ የጠጣ ሁሉ ለዘይቱና ይመርቃል። ግን የሰው መሬት ሳያስፈቅዱ አይነኩም፤ ደግሞ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና የምንጩን ራስ ማወቅ ፈለጉ። ጳውሎስን ጠሩት።

«እናንተ ቢሮ የድሮ ካርታ አለ ትላለህ። ይህ ምንጭ የማን እንደሆነ፣ ራሱ የት እንደሆነ እይልኝ።»

«ኦኬ ጋሼ፣ ቼክ አደርጋለሁ» አለ።

አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ደረጃ ላይ ሲያገኙት «ቸኩያለሁ» ይላል። መዝሙሩም ቀነሰ። በሦስተኛው እሑድ ከጸሎት ሲመለስ በራቸውን አንኳኳ። የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና አራቱን ማዕዘን በብርጭቆና በስኳር ዕቃ አስያዘው።

«ምንጭ አይደለም ጋሼ። ክሪክ ነው የሚሉት። ትንሽ ወንዝ።»

«ወንዝ?» ጋሽ ኑርሑሴን ከወንበራቸው ተነሡ። «ወንዝ ነው?»

«ወንዝ ነበር።»

ጋሽ ኑርሑሴን የካርታውን ሰማያዊ መስመር በጣታቸው ተከተሉት። ከኮረብታው ራስ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ካለበት፣ ከሦስት ምንጭ ይነሣል። ጎማ ቤቱ ባለበት ይታጠፋል፤ የሰባት ቁጥር ፌርማታ ሥር ያልፋል፤ የእነሱን አፓርታማ ጀርባ ታኮ ይወርድና ሐይቁ ይገባል። ሁለት ዓመት ሙሉ አውቶቡስ የጠበቁት ወንዝ ላይ ቆመው ነበር። ጳውሎስ ከየፋይሉ የለቃቀመውን ነገራቸው። ድሮ ከሐይቁ ዓሣ ሽቅብ ይወጣበት ነበር። ከዚያ ግንድ የሚሰነጥቁ ሰዎች መጡ። ቀጥለው የጣሊያን ገበሬዎች መጥተው በሱ ውሃ ጎመንና ሽንኩርት አለሙ።

«ታዲያ የውሃ አባታቸው ማን ነበር?» አሉ ጋሽ ኑርሑሴን።

ጳውሎስ ሊስቅ ብሎ ተወው።

«ከዚያ ቤት በዛ ጋሼ። ሰዉ ሽንት ቤቱን ሁሉ ወደ ወንዙ አዞረው። ሸተተ፤ ልጆች ታመሙ። ሰዉ ጮኸ። ሶ፣ በ1912 ቦይ ቆፈሩና ወንዙን ቧንቧ ውስጥ ከተቱት። አፈር መለሱበት፤ አስፋልት አነጠፉበት። ስም ነበረው መሰለኝ፤ አዲሱ ካርታ ላይ ስሙም የለም።»

ጋሽ ኑርሑሴን ለወንዙ አዘኑ። ሰው ያቆሸሸውን ወንዝ መቅጣት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? በእሳቸው አገር የሚቀጣ ያቆሸሸው ሰው ነበር። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዳኘ ሰው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃልና ጥያቄው ራሱ ከአፋቸው ወጣ።

«ሽንት ቤቱንስ የት አደረሱት?»

ጳውሎስ ስኳር ዕቃውን አነሣው፤ መልሶ አስቀመጠው።

«አንድ ቦይ ውስጥ ነው ሁለቱም። ሁለት ቧንቧ ጎን ለጎን። አንዱ ወንዙ፣ አንዱ የሽንት ቤቱ። መሐላቸው ጉልበት የማያህል ግንብ አለ። በበጋ አይገናኙም ጋሼ። በበጋ እርስዎ እንዳሉት ንጹሕ ነው።»

«በዝናብስ?»

«በዝናብ... ኦቨርፍሎው ያደርጋል።»

«በአማርኛ ንገረኝ።»

«ይገነፍላል ጋሼ» አለና ጳውሎስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ዝናብ ሲበዛ የሽንት ቤቱ በግንቡ ላይ ገንፍሎ ወደ ወንዙ ይገባል። ያ እርስዎ የሚቀዱበት ሲሚንቶ ራሱ የወንዙ ቧንቧ ነው፤ ስንጥቁም ከሚገነፍልበት በታች ነው። ጀሪካኑን የጫንኩት እኔ ነኝ። እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት ሳጣ ነው የጠፋሁት።»

ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ሦስት ቀን የወረደ ዝናብ። ጋሽ ኑርሑሴን ቀስ ብለው ተቀመጡ። በእጃቸው ቀድተው፣ አምስት ጀሪካን ሞልተው፣ ይሸታል ያለችውን ተቆጥተው፣ ሚስታቸውን በነጃሳ፣ ዲኑ ርኩስ በሚለው ውሃ፣ አሳጥበው ወደ አምላኳ ልከዋታል። ያቺ ክረምቱን ያሳለፈቻቸው አንዲት ነገር እጃቸው ላይ እንደዚህ ሆነች።

መስጊዱ ያለው በሰሜን በኩል ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ይይዛል። ሼህ ዓብዱልጀባር ሁሉንም ሰሙና፣ «አላህ ያላወቁትን አይጠይቅዎትም፤ ለሟቿም ምንም አይጎድልባትም። ይበርቱ» አሏቸው።

«ታውጣና እንደገና ትታጠብ» አሉ ጋሽ ኑርሑሴን።

«ከስምንት ወር በኋላ? አይሆንም። ሙት አይረበሽም፣ አገሩም አይፈቅድም፣ ዲኑም አላዘዘም። ዱአ ያድርጉላት።»

ሼሁ የሚገባውን ነው የተናገሩት። ግን ልብ የማይቀበለውን ኪታብ አያስገባውም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ጋሽ ኑርሑሴን ለሰላት ሲነሡ እጃቸው ቧንቧው ሥር ይቀራል፤ ስንት ጊዜ እንዳጠቡት ይጠፋቸዋል፤ ሰዓቱ ያልፋል። ሥራ ቦታ ነጭ አንሶላ ከማሽኑ ሲያወጡ ያለቅሳሉ። ማንም የማያውቀው፣ አንድ ሌሊት የተኛበት መንገደኛ አንሶላ እንዲህ ነጥቶ ይወጣል። የእሷ ከፈን ግን ምን ላይ እንደተጠመጠመ ያስባሉ። አለቃቸው የሦስት ቀን እረፍት ሰጠቻቸው። እረፍቱ ባሰባቸው፤ ያለ ሥራማ ሐሳቡ ቀን ከሌት ነው።

በውሃ አባት ሕግ የሰው ተራ ውሃ ያቆሸሸ ሰው ሹመት ካለው ይሻራል። እዚህ የሚሽራቸው ሸንጎ ስለሌለ ራሳቸውን ሻሩ። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ያገኛቸው ሰው እንደ ልማዱ «የውሃ አባት፣ እንዴት ሰነበቱ?» ሲላቸው፣ «እሱ ሞቷል» ብለውት ወጡ። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ሕጉ ሌላም ያዛል። ያቆሸሸ ሰው የበደላቸውን በየደጃቸው ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል። ዘይቱናን መጠየቅ አይቻልም። የቀረችው ዙሀራ ናት፤ ሽታው ሽታ ነው ያለችው፣ በእሳቸው ቁጣ እጇን ነጃሳ ውስጥ ያስገባችው። አግብታ ሬንተን የምትባል የጎረቤት ከተማ ገብታለች ተባለ። በኦክቶበር አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አድራሻዋን ይዘው ሄዱ።

ዙሀራ ስታያቸው ደነገጠች፤ ከስተው ካፖርቱ ብቻ የመጣ መስሏት ነበር። አስገባቻቸው፤ ሻይ አቀረበችላቸው። ባሏ አውሮፕላን ፋብሪካ ሥራ ገብቷል። ጋሽ ኑርሑሴን ሻዩን ሳይነኩ ሁሉንም ተናገሩ። ስለ ወንዙ፣ ስለ ሁለቱ ቧንቧ፣ ስለ ግንቡ፣ ስለ ዝናቡ። «አንቺ ይሸታል ብለሽኝ ነበር። እኔ በትዕቢቴ ጮህኩብሽ። እሷንም አንቺንም በደልኩ። አፉ በይኝ፣ ልጄ» ብለው ከወንበራቸው ሊወርዱ ሲሉ ዙሀራ ብድግ ብላ ያዘቻቸው።

«ኧረ በአላህ ጋሼ! ኧረ ይቀመጡ!» እጆቻቸውን ይዛ ፊት ለፊታቸው ተንበረከከች። ታለቅሳለች፤ ደግሞ ፊቷ ይበራል። «አፉ መባል ያለብኝ እኔ ነኝ። አልታዘዝኩዎትም። በሩን እንደዘጋሁ አምስቱንም ጀሪካን ሲንክ ውስጥ ደፋሁት። ጠብታ አልነካትም።»

«ምን አልሽ?»

«ደፋሁት ጋሼ። ልነግርዎት ነበር፤ ኮል ላድርግ እያልኩ ስልኩን አነሣና እፈራለሁ። እርስዎ የውሃ አባት ነዎት፤ እኔ ማነኝ? ሶ፣ ዝም አልኩ። ነጃሳ አልነካትም።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂል አዚም! አብራኝ ያጠበችውን ይጠይቁ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ጋሽ ኑርሑሴን። ሁለት ወር ሙሉ ደረታቸው ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ ወረደ። ዘይቱና ንጹሕ ሆና ሄዳለች። ሁለተኛም አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ሦስተኛው ግን አፋቸው ላይ ቀረ።

«በምን አጠባችኋት ታዲያ?»

«በቧንቧው ነዋ!» አለች ዙሀራ።

እጃቸውን ከእጇ ሊያወጡ ሞከሩ። ዙሀራ የተጠራጠሩ መሰላት። ሰውየው በውሃ ነገር ቀልድ አያውቁም፣ ልባቸው ሙሉ ሆኖ ይሂድ አለች። እጃቸውን ጠበቅ አድርጋ ይዛ እንዲህ አለቻቸው፦

«ኧረ ምንም አይጠራጠሩ ጋሼ። በጣም ንጹሕ ነበር። ከራሷ እስከ እግሯ ሦስት ጊዜ አጠብናት፤ ፊቷን፣ ፀጉሯን፣ ሁሉንም። ክሎሩ እንኳ ይሸት ነበር።»

ጋሽ ኑርሑሴን አፋቸውን ከፈቱ። ለምናኝ ነበር ሊሉ፤ አስምላኝ ነበር፣ ያን ብቻ አደራ ብላኝ ነበር ሊሉ። ልጅቷ ተንበርክካ፣ እንባዋ ሳይደርቅ፣ ደስ እንዲላቸው ዓይን ዓይናቸውን ታያለች። ይህቺ ምን አጠፋች? ደግ ነው የሠራችው። ዘይቱናን ያዳነቻት እሷ ናት፤ ዘይቱናን የማትፈልገው ውሃ ውስጥ የመለሰቻትም እሷው ናት፤ እሷ ግን ይህን አታውቅም። የማታውቀውም እሳቸው ስላልነገሯት ነው።

አፋቸውን ዘጉት። ከዚያ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «አላህ እጅሽን ይባርከው፣ ልጄ። አላህ ካንቺ ደስ ይበለው» ብለው መረቋት። ዙሀራም ከልቧ እፎይ ብላ፣ አሚን፣ አሚን አለች።